ስለ ባዶ ካርቶን የመጣው ደብዳቤ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስልክ ሲደወል ቶሎ አላነሳም። የምጽፈው እንደ እኔ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሠራውን ዕቃ በኢንተርኔት ወደ ውጭ የሚሸጥ ሰው ካለ፣ እኔ ያላወቅኩትን አስቀድሞ እንዲያውቅ ብዬ ነው።

የምኖረው ቡራዩ ነው፣ ከአባቴ ጋር። ሥራዬ ደብተር መጠረዝ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁና እየፈታሁ ለመድኩት። ወረቀቱን አጥፌ በክር እሰፋዋለሁ፣ ጀርባውን በዱቄት ሙጫ አጠነክረዋለሁ፣ ሽፋኑን ሱሉልታ ካለ ሸማኔ በምገዛው የጥጥ ጨርቅ አለብሰዋለሁ። በወር ስምንት፣ ቢበዛ ዘጠኝ ደብተር በአንድ የውጭ የሽያጭ ድረ ገጽ ላይ እሸጣለሁ። ያኔ አብዛኞቹ ገዢዎቼ ጀርመን ነበሩ።

የማሸግበት ካርቶን የሚመጣው ከአባቴ ነበር። አባቴ ለማ ቱፋ ይባላል። ሰበታ ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ዕቃ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ቀርቶት ነበር። ፋብሪካው አርማውን ሲቀይር የድሮው አርማ የታተመበት ብዙ ባዶ ካርቶን ተረፈ። የጊዜው የዕቃ ክፍል ኃላፊ ካርቶኑን ለፈለገ ሠራተኛ በመውጫ ፈቃድ ሰጠ። አባቴም አርባ አርባውን ጠፍጥፎ እያሰረ በተለያየ ቀን አመጣልኝ። እኔ በልኬ እየቆረጥኩ፣ እንደገና እያጠፍኩ ደብተር እልክበት ነበር። የሳሙናው ሥዕልና የፋብሪካው ስም አንዳንዱ ላይ እንዳለ ይቀራል። ለእኔ ካርቶን ካርቶን ነው።

በድረ ገጹ ስመዘገብ ሁለት ነገር ሞልቻለሁ። የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይ፣ እንደማንኛችንም፣ የአባቴን ስም ጻፍኩ። የፖስታ አድራሻ ሲጠይቀኝ ደግሞ ቸገረኝ፤ ቤታችን ቁጥር አለው እንጂ ፖስታ አይመጣበትም። አባቴን ስጠይቀው «የፋብሪካውን ፖስታ ሣጥን ጻፈው፤ ሁሉም ሠራተኛ ይጽፈዋል» አለኝ። ጻፍኩት።

ከዚያ ክረምቱ ሳይገባ ከድረ ገጹ ኢሜይል መጣ። ጀርመን አገር ዕቃ የሚልክ ሁሉ ማሸጊያውን ማስመዝገብ አለበት ይላል። ካርቶኑ እዚያ ደርሶ ቆሻሻ ስለሚሆን፣ ለሚያነሱትና መልሰው ለሚጠቀሙበት የሚከፍለው ማሸጊያውን አገሪቱ ውስጥ ያስገባው ሰው ነው። ያ ሰው በሕጉ «አምራች» ይባላል። የምዝገባ ቁጥርህን አስገባ አሉኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ይህ በኮንቴይነር ለሚጭኑ እንጂ ለእኔ አይሆንም አልኩ። ደግሞም ካርቶኑን ያመረትኩት እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ተጠቅሞ የተረፈ ነው። «አይመለከተኝም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ኢሜይሎች ርእሳቸውን ብቻ እያየሁ አለፍኳቸው። በሥራዬ አንዲት ስፌት ብትዛነፍ የምፈታ ሰው፣ ይህን ግን እንዲሁ አለፍኩት።

ያን ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። ሸምሱ ነበር፣ የፋብሪካው ጥበቃ፣ የአባቴ የብዙ ዓመት ወዳጅ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ደሬ፣ ቶሎ ና። አባትህን ጥበቃ ክፍል አስቀምጠውታል። ስልኩን ወስደውበታል።»

«ምን አደረገ?»

«ሳሙና ወደ ውጭ አገር ሸጧል ይላሉ። ከፈረንጅ ደብዳቤ መጥቷል። በስሙ ነው፣ ፎቶም አለው።»

ሳሙና የሚለውን ስሰማ አልገባኝም። ፎቶ ሲል ነው ጫማዬን መፈለግ የጀመርኩት። የአባቴን ስልክ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ከቡራዩ ዊንጌት፣ ከዊንጌት አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ፣ ሦስት ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ ብሩን ሰጥቼው መልሱን መቀበል ረሳሁ። እስካሁን ትዝ የሚለኝ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ነጠላ ላይ የነበሩት ጥቃቅን አረንጓዴ መስመሮች ናቸው፤ ስድስት ነበሩ። እነሱን ስቆጥር ነበር የደረስኩት።

አባቴ ጥበቃ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። ሲያየኝ ተነሥቶ ልክ ቤት እንዳለ ሁሉ በኦሮምኛው የማለዳ ሰላምታ «አከም ቡልቴ፣ ቁርስ በላህ?» አለኝ። ጣቶቹ ግን የኮፍያውን ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ያሻሹ ነበር።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝ ይባላሉ። ቢሯቸው ስንገባ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የመጣው ከድረ ገጹ ነው፤ ሁለት ገጽ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ። ፖስታው ላይ ትልቅ ሆኖ የተጻፈው «ለማ» ነው፤ የእኔ ስም አንዲት ፊደል ሆና ከኋላ ተቀምጣለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ የካርቶኑ ፎቶ አለ። ፎቶውን አወቅኩት። አንዲት ገዢ ደብተሩን ወድዳው፣ «ካርቶኑ ራሱ ያምራል» ብላ አምስት ኮከብ ከሰጠችኝ አስተያየት ላይ የተወሰደ ነው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ለአባቴ አሳይቼው ነበር።

«ይህ የእኛ ካርቶን ነው» አሉ ወይዘሮ አልማዝ። «ይህ ደግሞ የአባትህ ስም ነው። በዚህ ፖስታ ሣጥን ደብዳቤ የሚመጣለት ሌላ ለማ እዚህ ግቢ የለም። አምራች ነህ ይሉታል፣ ሳትመዘገብ ገበያ ውስጥ አስገብተሃል ይሉታል፣ ቅጣትም ጠቅሰዋል። እንግዲህ አንብቡልኝ።»

«ደብዳቤው የእኔ ነው» አልኩ። «የቤተሰብ ስም ሲሉኝ የአባቴን ስለጻፍኩ ነው። የላክሁት ደብተር ነው። እነሱ የሚጠይቁት ስለ ካርቶኑ ብቻ ነው።»

«ስለ ካርቶኑ?»

«አዎ። ቆሻሻ ስለሚሆን።»

ወይዘሮ አልማዝ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር ባዶ ካርቶን ቆራሌው ከፍሎ ነው የሚወስደው። ማን ነው አውሮፓ ቁጭ ብሎ ለባዶ ካርቶን ደብዳቤ የሚጽፈው? ውስጡ የነበረውን ነው የሚፈልጉት።»

መስመር በመስመር ተረጎምኩላቸው። እያነበብኩ ስሄድ ለእኔ ለራሴ እውነት አልመስል አለኝ። የቅጣቱ ጣሪያ ጋ ስደርስ ዜሮዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ ቤታችን ከነግቢው ቢሸጥ አይሞላውም። በአንድ ደብዳቤ ሁለት ፍርሃት ተደራረበብኝ። አንዱ የእኔ ነው፣ ሩቅ ነው። ሌላው የአባቴ ነው፣ አጠገቤ ቆሟል።

«ካልፈለጉት ለምን አይመልሱትም?» አለ አባቴ በድንገት። «ሄጄ ራሴ እቀበላቸዋለሁ።»

በሩ ላይ የቆመው ሸምሱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ኦቦ ለማ፣ እባክዎ ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም፣ እሜቴ። ካርቶኑን በመውጫ ነው ያወጣሁት።»

ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ቆመ። ፋብሪካው ዕቃ ከግቢ ሲወጣ መውጫ ፈቃድ በሦስት ኮፒ ይጽፋል። ነጩ ጥበቃ ጋ፣ ሰማያዊው ዕቃ ክፍል፣ ሮዙ ከዕቃው ጋር ይሄዳል። ሸምሱ ነጩን ሲጠየቅ አንገቱን አከከ። የጥበቃ ክፍል አሮጌ ወረቀት ክረምት ላይ ተጠራርጎ ለቆራሌው ተሽጧል። ሰማያዊው ጥራዝ ዕቃ ክፍሉ ቢሮ ሲቀይር የት እንደገባ አይታወቅም። የፈረመው ኃላፊ ጡረታ ወጥቶ ሱሉልታ ገብቷል፤ አራት ጊዜ ደወሉለት፣ ስልኩ አይሠራም።

«ሮዙስ?» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ያን አስተያየቱን አልረሳውም። የሚያውቀውን ነገር እንዳልናገር የሚለምን ይመስላል። ሮዞቹን ቤት ያመጣው ለእኔ ነው። ስስ ናቸው፣ ጠንካራ ናቸው፣ ለሥራዬ ተስማሚ ወረቀት ናቸው። ቤታችን ወረቀት አይጣልም።

«ደብተሮቹ ውስጥ ናቸው» አልኩ።

«ምን ማለት ነው?»

ማስረዳት ነበረብኝ። ወፍራም ደብተር ስጠርዝ ወረቀት ለሦስት አጥፌ እንደ ጠፍጣፋ ቱቦ አደርገዋለሁ። የቱቦው አንድ ፊት ከተሰፋው ጀርባ ጋር ይጣበቃል፣ ሌላው ፊት ከጨርቁ ጋር። ደብተሩ ሲከፈት ጀርባው ሳይሰበር የሚለጠጠው በዚያ ነው። ለቱቦው የምጠቀመው እጄ የገባውን ስስ ወረቀት ነው። ሮዙንም እንዲሁ። ከደብተሮቹ ብዙዎቹ ተሽጠዋል።

ወይዘሮ አልማዝ ሰዓታቸውን አዩ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ እሳቸውም በላያቸው አለቃ አለ። «የሕግ ክፍሉ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል» አሉ በመጨረሻ። «እስከዚያ ወረቀት ከመጣ አየዋለሁ። ካልመጣ ጉዳዩ ለፖሊስ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ እኔ የማደርገው ነገር የለም።»

ሃያ ስድስት ዓመት በስርቆት ስም ሊዘጋ ነው። ከቢሮው ስወጣ አባቴ «ቀስ ብለህ ሂድ፣ መኪና ተጠንቀቅ» አለኝ።

ሦስት ታክሲ ወደ ኋላ። ቡራዩ የደረስኩት ስድስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። መደርደሪያዬ ላይ ያልተሸጡ ወፍራም ደብተሮች አሥራ አንድ ነበሩ። አንድ በአንድ እየከፈትኩ በጀርባው ቀዳዳ የስልኬን መብራት አበራሁ። ነጭ። ነጭ። የጋዜጣ። ሮዝ። የፈለግኩት ቀለሙን ብቻ ነበር። በሙሉ ሦስት ሮዝ አገኘሁ።

እዚያው መቁረጥ ፈለግኩ። ግን ቤቴ ቆርጬ ወረቀት ይዤ ብሄድ፣ ትናንት የጻፍከው ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ? ከደብተሩ ሲወጣ ራሳቸው ማየት አለባቸው። ስለዚህ ሦስቱን ደብተርና መቁረጫዬን ይዤ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ነው ሌላው ነገር ትዝ ያለኝ። ቱቦ ስሠራ የተጻፈበትን ፊት ሁልጊዜ ወደ ውጭ አደርጋለሁ፣ ሙጫ እንዲሸፍነው። ገዢ በቀዳዳው ሲያይ ንጹሕ ወረቀት ብቻ እንዲታየው። የራሴ ደንብ ነው፤ እኮራበት ነበር። የሙጫ እርጥበት ደግሞ የካርቦን ኮፒ ጽሑፍን ያጠፋዋል። ያልጠፋውም ሲላጥ ይቀደዳል። እንግዲህ የያዝኩት ሦስት ባዶ ሮዝ ወረቀት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ደብተሮቹን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳቸው። አየር ጤና መንገዱ ተዘጋግቶ ሃያ ደቂቃ ቆምን። አንዱን ከፍቼ በቀዳዳው ተመለከትኩ። ውስጡ አንዳች ጥላ ያየሁ መሰለኝ፤ መታጠፊያው ይሁን ጽሑፍ መለየት ግን አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው በሩ ላይ ደረስኩ። ሸምሱ ፈተሸኝ። መቁረጫውን ሲያገኝ አየኝ።

«ይህ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለደብተሩ።»

«ስለት አይገባም» አለና እሱ ራሱ ይዞት ከእኔ ጋር ገባ።

የሕግ ክፍሉ ሰው አልደረሰም ነበር። ወይዘሮ አልማዝ ጠረጴዛውን ጠረጉልኝ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የመጀመሪያውን ደብተር ጨርቅ በመጋጠሚያው ላይ ቀደድኩ። ሦስት ቀን የሠራሁትን ነገር እንደዚያ ስቆርጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሮዙን በጥፍሬ ላጥኩት፤ የዱቄት ቅርፊት ይዞ ወጣ። ጽሑፍ የለበትም። ታጥቦ ሄዷል።

ሁለተኛው ገና ስነካው ለሁለት ተቀደደ። አንዱ ቁራጭ ላይ የማኅተም ክብ ጠርዝ ብቻ ታየ፤ ሐምራዊ፣ እንደ ጨረቃ ግማሽ። «ይህ ምንም አይናገርም» አሉ ወይዘሮ አልማዝ፣ ግን በቀስታ ነው ያሉት።

ሦስተኛውን ስቆርጥ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጨርቁን ገለጥኩ፤ ቱቦውን ከጀርባው በስለቱ ጎን እየፈለቀቅኩ አወጣሁት። ከላይ ባዶ ነው። ገለበጥኩት፤ ባዶ ነው። አባቴ ከኋላዬ ትንፋሹን ሲያወጣ ሰማሁት።

ከዚያ እጥፋቱን ከፈትኩት።

ጽሑፉ ውስጥ ነበር። ሙጫ አልነካውም። «አሮጌ አርማ ያለበት ባዶ ካርቶን፣ አርባ ፍሬ፣ ለአቶ ለማ ቱፋ በነጻ የተሰጠ።» ቀን፣ ተራ ቁጥር፣ ፊርማና ሙሉ ክብ ማኅተም።

ወይዘሮ አልማዝ ከመሳቢያቸው አሮጌ ፋይል አውጥተው ፊርማውን አስተያዩ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጠው ቆሙ። ለአባቴ ነው የቆሙት። «ኦቦ ለማ፣ ስልክዎን ይውሰዱ» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «ይህን ወረቀት ፋይል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ኮፒ እሰጥሃለሁ። የፋብሪካውን ፖስታ ሣጥን ግን ሁለተኛ እንዳትጽፍ።»

«ጋሪዳ» አለ አባቴ። ደህና ነው ማለቱ ነው።

ስንወጣ በሩ ላይ ማንም ፈትሹ አላለም። አባቴ ግን ቆመና ኮቱን ራሱ ከፍቶ ለሸምሱ አሳየው። ሸምሱ «ኧረ ተው ለማ፣ ምን ሆነሃል?» አለው። አባቴ ኮቱን ከፍቶ እንደያዘ፣ ሸምሱ በእጁ እስኪነካው ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

የእኔን ጉዳይ ቤት ገብቼ ለድረ ገጹ ጻፍኩ። ስህተቴን አመንኩ። ቅጣቱ አልመጣም፤ ሽያጬን ዘጉት እንጂ። ልመዘገብ ሞከርኩ። የካርቶኑን፣ የፕላስተሩንና የመጠቅለያውን ክብደት በዓመት ስንት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ያ አላስቸገረኝም፣ ሚዛን አለኝ። ካርቶኑን እዚያ ከሚሰበስብ ድርጅት ጋር ውል መፈራረም አለብኝ። ከዚያ እዚያው አገር የሚኖር ወኪል ያስፈልግሃል አሉኝ። ወኪሉ የሚጠይቀው እኔ እዚያ አገር በዓመት ከምሸጠው ይበልጣል። ሕጉ ክፉ ነው አልልም፤ ካርቶኔን ከመንገዳቸው የሚያነሣ ሰው አለ፣ ሊከፈለውም ይገባል። ግን በመርከብ የሚጭነውና እኔ አንድ በር ላይ ቆመን በአንድ ቁመት ነው የምንለካው። ወደ ጀርመን መላክ አቆምኩ። አምስት ኮከብ የሰጠችኝ ሴት ሌላ ደብተር ፈልጋ ጻፈችልኝ። የእሷ ፎቶ ምን እንዳደረገ አልነገርኳትም።

አባቴ ጡረታውን በሰላም ወጣ። በእነዚያ ሰባት ወራት ግን ከፋብሪካው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ቤት አላመጣም።

የቆረጥኩትን ሦስተኛ ደብተር አልጠገንኩትም። መደርደሪያዬ ላይ ጀርባው እንደተከፈተ አለ። ሰዎች ታሪኩን ሲሰሙ ጥንቃቄህ አባትህን አዳነው ይሉኛል። አባቴም እንደዚያ ነው የሚያምነው፤ አላረምኩትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እንደ ደንቤ ብሠራው ኖሮ ጽሑፉ ወደ ውጭ ሆኖ በሙጫ ይጠፋ ነበር። ደብተሩን በጠረዝኩበት ቀን ሐሳቤ የት እንደነበር አላውቅም፤ ወረቀቱን ገልብጬ አጠፍኩት። በዚያ ሁሉ ሥራዬ ውስጥ አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ፣ የተረፍነውም በዚያ ስህተት ነው። አሁን ቱቦ ሳጥፍ በየእጥፋቱ መሐል እጄ ይቆማል።